ጤና አዳም ለውሻ መርዝ ነው? ቡቺ ማሰሮውን ገልብጦታል፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የቡቺ እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) — ቅዳሜ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ከተቀመጠች ሦስት ወሯ ነው። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ በረንዳዬን ጓሮ አደረገችው፦ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳር፣ ናና። ዛሬ ጠዋት ከሱቅ ስመለስ ቡቺ (የ7 ወር ቡችላ፣ ቺዋዋ ቅልቅል፣ 4 ኪሎ ቢሆን ነው) የጤና አዳሙን ማሰሮ ገልብጦ አፈሩን በረንዳው ላይ በትኖት አገኘሁ። ቅርንጫፉ ተሰባብሯል፣ የውሻው አፍ ጤና አዳም ጤና አዳም ይላል። ከዚያ ሁለቴ አስመለሰው፣ ትውከቱ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አለ። አሁን ደግሞ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሏል። ይዞራል፣ ያለከልካል፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል።

እናቴ «ጤና አዳም ሰው ያድናል እንጂ ውሻ አይገድልም፣ ወተት ስጪውና ይተኛል» ትላለች። ኢንተርኔቱ አንዱ ጋ መርዝ ነው ይላል፣ ሌላው ጋ ምንም አይልም። የትኛውን ልመን?


ሸገር ነኝ — ቅዳሜ

እህቴ አይዞሽ። እኛ ግቢ ጤና አዳሙ ከአጥሩ ሥር እንደ ቁጥቋጦ አድጎ ነበር፣ ውሻችን ጃክ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ሥር ተኝቶ ነው ያረጀው። አንድ ቀን እንኳ ሲያመው አላየንም። የናንተ ሀገር ውሻ ስስ ሆኖ ነው እንጂ የኛዎቹ ስንቱን ችለውት ይኖራሉ። እናትሽ ትክክል ናቸው።


ሐኪም ዘእንስሳ — ቅዳሜ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ቢሾፍቱ ተምሬ አሁን ውጭ ነው የምሠራው። እህቴ፣ መልስ እስክሰጥሽ አትጠብቂ፤ መጀመሪያ ቅርብሽ ላለ የእንስሳት ሐኪም ቤት ደውዪ። ቅዳሜ ስለሆነ ዝግ ከሆነ ኤኤስፒሲኤ የሚባለው ማኅበር የእንስሳት መመረዝ የስልክ መስመር አለው፣ ቀንም ሌሊትም ይመልሳሉ። ለምክሩ ሊያስከፍሉሽ ይችላሉ፣ ክፈዪ።

እስከዚያው እነዚህን መልሺልኝ። በስንት ሰዓት በላ ብለሽ ትገምቻለሽ? ወተት ሰጥተሽዋል? የማሰሮው አፈር ላይ ከጤና አዳሙ ሌላ ምን ነበረ? ማዳበሪያ፣ የቀንድ አውጣ መርዝ፣ የካካዎ ልጣጭ፣ የአጥንት ዱቄት፣ ማንኛውንም ነገር።

ሸገር ወንድሜ፣ የጃክ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ቅጠል ሥር መተኛትና ቅጠል ማኘክ አንድ አይደለም፣ 30 ኪሎ ውሻና 4 ኪሎ ውሻም አንድ አይደለም።


የቡቺ እናት — ቅዳሜ

ደወልኩ፣ 40 ደቂቃ የሚወስድ ሐኪም ቤት አምጪው ብሎናል። ባለቤቴ መኪና እያሞቀ ነው። የወጣሁት 4 ሰዓት ላይ ነው፣ 6 ሰዓት ስመለስ ገልብጦት ነበር። ወተት አልሰጠሁትም።


ሐኪም ዘእንስሳ — ቅዳሜ

በሀበሻ ሰዓት ነው በፈረንጅ? ሐኪም ቤት ስትደርሺም በፈረንጁ ንገሪያቸው፣ ካልሆነ 4 ሰዓት ስትያቸው ገና ሌሊት ነበር ብለው ይመዘግባሉ። እንዲህ ሲሳሳት አይቻለሁ።


የቡቺ እናት — ቅዳሜ

በሀበሻ! ከጠዋቱ 10 እስከ 12 በነሱ ማለት ነው። እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር፣ ልጽፈው ነበር እኮ።


ጎንደሬው — ቅዳሜ

እኛ ዘንድ ጤና አዳም ለውሻ መድኃኒት ነው እንጂ መርዝ አይባልም። አያቴ ቅጠሉን ወቅጣ ቁንጫ የያዘውን ውሻ ታሸው ነበር፣ ቁንጫውም ይሸሻል። ለከብትም ለልጅም ለሆድ ቁርጠትም የምንሰጠው ነገር ነው። ፈረንጅ ሁሉን ነገር መርዝ ማለት ይወዳል። ዶክተር ይቅርታ ያድርጉልኝና እስኪ ያስረዱኝ።


ሐና ከአሽዶድ — ቅዳሜ

ጎንደሬው ወንድሜ እንኳን ጻፍክ፣ እኔም ከዚያው ነኝ፣ በልጅነቴ ነው እስራኤል የገባሁት። እዚህ ጤና አዳም ዱርም ይበቅላል፣ በዕብራይስጥ ፔይጋም ይሉታል። እናቶቻችን በዘይት ጣሳ ደረጃው ላይ ያበቅሉታል፣ ቡና ላይ ያለ እሱ አይሆንም።

ስለ ውሻ አላውቅም፣ ስለ ክንዴ ግን ላውራ። አንድ ዓመት በበጋ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ እጅጌ በሌለው ልብስ የእናቴን ጤና አዳም ቆርጬ በእቅፌ ተሸክሜ ገባሁ። የዚያን ቀን ምንም የለም። በማግስቱ ቀላ። በሦስተኛው ቀን ክንዴ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት መስሎ ውሃ ቋጠረ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ማን አቃጠለሽ?» ብሎ ነው። ጠባሳው ቡናማ ሆኖ ወራት ቆየ። እናቴ እስከ ዛሬ ቡዳ ነው ትላለች፣ ያውም መድኃኒቱን ተሸክሜ!


ሐኪም ዘእንስሳ — ቅዳሜ

ሐና፣ ልናገር የፈለግሁትን በክንድሽ ነገርሽልኝ።

ጎንደሬው፣ ይቅርታ አያስፈልግም፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። የኛ ጤና አዳም በሳይንሱ ስም ሩታ ቻሌፔንሲስ ይባላል፣ ፈረንጅ ጓሮው ውስጥ የሚተክለው ደግሞ ሩታ ግራቪዮለንስ ነው፤ ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም ጭማቂያቸው ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሉ። እነዚህ ቆዳ ላይ ብቻቸውን ሲሆኑ ዝም ይላሉ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ሲያርፍባቸው ግን ቆዳውን ያቃጥሉታል፣ ቃጠሎውም የሚታየው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ስለሆነ ሰው ከቅጠሉ ጋር አያገናኘውም። ውሻን ፀጉሩ ይከላከልለታል፤ አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ የጆሮው ውስጥና ሆዱ ግን ባዶ ናቸው። ስለዚህ ወቅጦ ማሸቱን ተው። ቁንጫው ይሽሽ አይሽሽ ሌላ ነገር ነው፣ ውሻው ታሽቶ ፀሐይ ላይ ከተኛ ግን የሐናን ክንድ በመላ ሆዱ ታገኘዋለህ።

መብላቱን በተመለከተ፦ አንድ ሁለት ቅጠል የቀመሰ ጤነኛ ውሻ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ያስመልሰዋል፣ ሊያስቀምጠውም ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ያበቃል። ብዙ ከበላ ጨጓራና አንጀቱን ክፉኛ ሊያቆስለው ይችላል። እርጉዝ ከሆነች ግን አንድም ቅጠል አይፈቀድም። ጤና አዳም ማኅፀን እንደሚያነቃንቅ የኛ አዋላጆችም ያውቁታል፣ ነፍሰ ጡር አትንካው የሚባለው ለዚህ ነው። ከቅጠሉ የተጨመቀው ዘይት ደግሞ ለየትኛውም ውሻ አይሆንም።

አሁን ወደ ቡቺ ልመለስ፣ አንድ ነገር አልጥም ብሎኛል። ጤና አዳምን ያን ሽታ ከሚሰጡት ነገሮች ዋናው 2-አንዲካኖን ይባላል። ይህንኑ ነገር አሜሪካ ውስጥ ውሻና ድመት ከአትክልት ቦታ ለማባረር ይሸጡታል! ስለዚህ ውሻ ጤና አዳምን ይሸሸዋል እንጂ ማሰሮ ገልብጦ አይቆፍርለትም። ሌላው፣ መቅበጥበጡና መደንገጡ የጨጓራ ሕመም ብቻ አይመስልም። ሆዱን ያመመው ውሻም ሊቅበጠበጥ ይችላል፣ በር በተንኳኳ ቁጥር መደንገጥ ግን ሌላ ነው። ለዚህ ነው አፈሩ ላይ ምን ነበረ ብዬ የጠየቅኩት።


የቡቺ እናት — ቅዳሜ

መኪና ውስጥ ነን። እናቴን «እማዬ አፈሩ ላይ ምን ጨምረሻል?» አልኳት። «ምንም!» አለች። ቆየት ብላ «አተላ ነው እንጂ» አለች።


ሸገር ነኝ — ቅዳሜ

የጠላ?


የቡቺ እናት — ቅዳሜ

የቡና።


ሐኪም ዘእንስሳ — ቅዳሜ

ይኸው። ሐኪም ቤት ስትገቢ የመጀመሪያው ቃልሽ «ካፌይን» ይሁን፣ ጤና አዳሙን ከዚያ በኋላ ንገሪያቸው። አተላው የዛሬ ነው? ስንት ጀበና? እዚያው እናትሽን ጠይቂያቸው።


የቡቺ እናት — ቅዳሜ

በየቀኑ ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ወር ሙሉ። ለአትክልት ጥሩ ነው አሉ ብላ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጎረቤት ሀበሾች መጥተው ሁለት ጀበና ተፈልቷል፣ ከነሲኒው ጥራጊ እዚያ ነው የደፋችው። ሲኒ ውስጥ የቀረው ስኳር ስላለው ይሆናል የቆፈረው። ደረስን፣ ቻው።


ኬሚስቱ — ቅዳሜ

ዶክተር፣ ሙያው የርስዎ ነው ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የሀበሻ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቴ ፈልቶ ምን ካፌይን ይቀረዋል? በረካውን እኮ ለልጅም ይሰጣሉ።


ሐኪም ዘእንስሳ — ቅዳሜ

ጥሩ ጥያቄ። እስከ በረካ የፈላ አተላ ብዙው ወጥቶለታል፣ ግን ባዶ አይሆንም። አቦል ብቻ ጠጥቶ ለሥራ የሚሮጥ ቤት አተላ ደግሞ ሌላ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። የአረቢካ ቡና ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን ነው፣ ስለዚህ 10 ግራም የተወቀጠ ቡና 120 ሚሊግራም አካባቢ ይይዛል። ውሻ ላይ ማስመለስና መቅበጥበጥ የሚጀምረው በኪሎ 20 ሚሊግራም አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ልቡ የሚዛባው ከ40 እስከ 50፣ የሚያንቀጠቅጠውና የሚጥለው ከ60 በላይ። 4 ኪሎ ለሆነው ቡቺ መነሻው 80 ሚሊግራም ነው፣ ማለትም ከ7 ግራም ያነሰ ያልፈላ ቡና። አሁን የሁለት ጀበና አተላ አስብ፣ የሲኒው ጥራጊ ሲጨመርበት ደግሞ ራሱ ቡናው አለበት። ምልክቱም በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ነው የሚመጣው፣ እህታችን ከነገረችን ሰዓት ጋር ይገጥማል።

ለጃክ ቢሆን 600 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። ሸገር፣ ጃክ የዳነው በሀገሩ ልጅነት አይደለም፣ በክብደቱ ነው።


ሸገር ነኝ — ቅዳሜ

ተቀበልኩ 😄 ጃክ ግን ቡናም አይወድም ነበር።


ምንትዋብ — ቅዳሜ

ክሩን ላለመጥለፍ ብዬ ነበር ግን ዶክተር እያሉ ልጠይቅ። እናቴ ለውሻችን ለሆድ ትል ነጭ ሽንኩርት ፈጭታ በሥጋ ትሰጠዋለች። ጤና አዳም እንዲህ ከሆነ እሱስ?


ሐኪም ዘእንስሳ — ቅዳሜ

ዛሬውኑ ይቁም። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር እኔን የሚያስፈራኝ የሽንኩርት ዘር ነው። ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የደረቀም ዱቄት ያው ነው። ቀይ ሽንኩርት በኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ከበላ ደሙ ላይ ለውጥ ይታያል፣ ነጩ ደግሞ ከቀዩ ይብሳል። ተንኮሉ ወዲያው አለመታየቱ ነው። በልቶ ቀናት ቆይቶ ድዱ ይነጣል፣ ይደክማል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፤ ያኔ ሰው «ትናንት የበላው ምንድን ነው» ይላል እንጂ ያለፈውን እሑድ ዶሮ ወጥ አያስታውስም። የዶሮ ወጥ ቁሌት ስንት ሽንኩርት እንደሚገባበት እናንተ ታውቃላችሁ። የበዓል ማግስት የወጥ ትራፊ የሚጣልለት ትንሽ ውሻ፣ አጥንቱን ትተን እንኳ፣ ከቁሌቱ ብቻ ይታመማል።

ለትል የትል መድኃኒት አለ፣ ርካሽም ነው። ከነጭ ሽንኩርቱ ይረክሳል ልል ነበር፣ ሰሞኑን በሽንኩርት ዋጋ ቀልድ አይሆንም።


ብርቱካን በፍራንክፈርት — ቅዳሜ

እኔም በረንዳዬ ላይ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠልና ጠጅ ሳር አለኝ። ውሻዬ ጠጅ ሳሩን ሲግጥ ውሎ ያድራል። ልንቀለው?


ሐኪም ዘእንስሳ — ቅዳሜ

በሶብላውና የጥብስ ቅጠሉ ኤኤስፒሲኤ ጉዳት የሌላቸው ከሚላቸው ውስጥ ናቸው። ጦስኝም እንደዚያው፣ እነሱ የሚያውቁት የአውሮፓውን ቢሆንም። ድምብላልም ችግር የለውም። ጠጅ ሳር ሆድ ያውካል ተብሎ ተመዝግቧል፣ ናናም ብዙ ሲበላ እንዲሁ። መንቀል አያስፈልግሽም፣ ከፍ አድርገሽ ስቀዪው። ሬት ካለሽ ግን አርቂው፣ ክፉኛ ያስቀምጣል። ፓርስሊም በዛ ሲል እንደ ጤና አዳም ከፀሐይ ጋር የሚያጣላ ነገር አለው።

ስለ ኮሰረትና ዳማከሴ አትጠይቁኝ፣ በውሻ ላይ ስለ ሁለቱ የምተማመንበት ነገር በእጄ የለም። ጉሎና አስተናግር ግን ግቢያችሁ ውስጥ ካሉ፣ ይህን ክር ትታችሁ አሁኑኑ ንቀሉ። የጉሎ ፍሬ ታኝኮ ከተዋጠ ጥቂቱ ይበቃል።


የቡቺ እናት — እሑድ

ይቅርታ ዘገየሁ። ቡቺ ሌሊቱን እዚያው አደረ፣ ተርፏል! ሲደርስ የልቡ ምት 200 አልፎ ነበር አሉ። ከሰል መሰል ጥቁር ነገር አጠጡት (እናቴ «ከሰልማ ቤትም ነበረን» ብላ ሳቀች፣ የኛ የማንደጃው ከሰል አይሆንም አሏት)፣ ጉሉኮስ ሰኩለት፣ ልቡን በማሽን ሲያዩ አደሩ። በየሁለት ሰዓቱ ያሸኑት ነበር። ለምን ስላቸው ካፌይኑ ከፊኛው ተመልሶ ወደ ደም ስለሚገባ ነው አሉኝ። ዶክተር እውነት ነው?

ሂሳቡን አልነግራችሁም። እናቴ ወደ ብር መንዝራው ራሷን ይዛ ተቀምጣለች።


ሐኪም ዘእንስሳ — እሑድ

እውነት ነው፣ በደንብ የያዙት ሰዎች ናቸው። እንኳን ተረፈላችሁ።

የማንደጃው ከሰል ነገር ሀገር ቤትም ብዙ ጊዜ ይገጥመኝ ነበር። ለመድኃኒት የሚሆነው በተለየ መንገድ የተዘጋጀ ነው፣ የምድጃው ሆድ መሙያ ብቻ ነው። ወተትም መርዝ አያጠፋም። ከሁሉም የከፋው ለማስመለስ ተብሎ ጨው በጥብጦ መጋት ነው፣ ጨው ራሱ ውሻ ይገድላል። ሐኪም ሳያዝ ምንም አታስመልሱ።

አንድ ነገር ብቻ፦ አፍንጫውንና ሆዱን እስከ ማክሰኞ እያየሽ ቆዪ። ቅርንጫፉ ውስጥ ሲቆፍር ጭማቂው ነክቶታል፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ነበረ ይሆናል። አጥበሽዋል?


የቡቺ እናት — እሑድ

ኧረ አላጠብኩትም፣ ማን አስታውሶ። አሁን ላጥበው?


ሐኪም ዘእንስሳ — እሑድ

ለብ ባለ ውሃና ለውሻ በሚሆን ሳሙና እጠቢው፣ ጓንት አድርጊ። ለሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ፣ ለሽንት ማለዳና ማታ አውጪው።


የቡቺ እናት — ማክሰኞ

ዶክተር እንዳሉት ሆነ። የአፍንጫው ጫፍ ቀልቶ ትንሽ ተላጠ፣ ሆዱ ላይ ሁለት ቦታ እንደ እሳት ላንቃ ቀይ መሥመር አለ። ቅርንጫፉ የነካው ቦታ መሆን አለበት፣ መሥመሩ ቀጥ ያለ ነው። ትናንት ሐኪሟ አየችው፣ ቅባት ሰጠችን፣ እንዳይልሰው አንገቱ ላይ እንደ ጡሩምባ ያለ ላስቲክ አጠለቁለት። በሩ ሁሉ ይጋጫል ምስኪን። ሐኪሟ «ሩ» (ጤና አዳም በእንግሊዝኛ) ስላት አላወቀችውም፣ የሐናን የክንድ ታሪክ ስነግራት ነው የገባት።

ሐና እህቴ፣ ክንድሽ ለቡቺ ሆድ ተረፈ።


ሐና ከአሽዶድ — ማክሰኞ

ለእናቴ አነበብኩላት። «ውሻውንም ቡዳ በላው?» አለችኝ። ተስፋ ቆርጫለሁ።


ጎንደሬው — ማክሰኞ

ዶክተር፣ ለእናቴ ስልክ ደወልኩና አያቴ ውሻውን ስታሸው እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኩ። ማታ ማታ ነው፣ ከዚያ ጎተራው ሥር ታስረዋለች፣ ጠዋት ታጥበዋለች አለችኝ። ለምን ማታ ስላት «እንዲያ ነው የሚደረግ» ብቻ። እኔ ግማሹን ነበር የማስታውሰው ለካ።


ሐኪም ዘእንስሳ — ማክሰኞ

አያትህ ፀሐዩን ያውቁ ነበር። እኔ አሁንም አይታሽ እላለሁ፣ ግን ይህን መረጃ ለራሴ ማስታወሻ ላይ ጻፍኩት።


ምንትዋብ — ማክሰኞ

የቡቺ እናት፣ ጤና አዳሙስ ተጣለ?


የቡቺ እናት — ማክሰኞ

እናቴ ባለችበት ማን ይጥለዋል! ኩሽና መስኮቱ ላይ፣ ቡቺ የማይደርስበት ወጥቷል። ሲቆረጥም በጓንት፣ ማታ። አተላው ነበር ጭቅጭቅ ያመጣው፤ ቆሻሻ ላይ መጣል ግፍ ነው ብላ አስቸገረችን። አሁን ሰላም ወርዷል፣ ታች ላሉት ለፈረንጇ ጎረቤታችን ጽጌረዳ ትደፋላታለች፣ ሴትዮዋም ደስ ብሏት ኬክ አምጥታልናለች።


ኬሚስቱ — ማክሰኞ

ሴትዮዋ ውሻ የላቸውም አይደል?


የቡቺ እናት — ማክሰኞ

ቆይ ልውረድ።